ተወዳዳሪ ፈልግልን ላሉኝ ክቡር ኃላፊ

ለክቡር አቶ ህሩይ፣
የጥድ ውሃ ወረዳ የፓርቲያችን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ባለፈው ጉባኤ ላይ ንግግርዎን ሳል እያቋረጠዎት ስለነበር እስካሁን እንደተሻለዎት ተስፋ አደርጋለሁ። የደጋው ብርድ ጎንደር ከተማ ላደገ ሰው እንደማይስማማ ሁላችንም እናውቃለን፤ ወደ ቀበሌያችን በምርጫ ሰሞን ብቻ ብቅ ማለትዎንም ለሳንባዎ ከመጠንቀቅ በቀር በሌላ አልተረጎምነውም። ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እርስዎ በሌሉ ጊዜ ወንበርዎን ለሚያሞቁልዎ ምክትልዎም ጭምር ጤናና ዕድሜ እመኛለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ክቡርነትዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብላ መለሰችኝ፤ በሌላ ሳምንትም መጣሁ፤ ያው ስብሰባ አላለቀም ነበር። ይህን የመሰለ ረጅም ስብሰባ የሚመሩ ሰው ጋዜጣ ለማንበብ ጊዜ ባያገኙ እንኳ፣ አንብቦ የሚነግርዎ ሰው አይጠፋም ብዬ ነው ይህን መንገድ የመረጥሁት።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ስሜ ሰውአገኝ ፋንታሁን ይባላል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ከሚወስደው መንገድ ተገንጥለው ወደ ላይ ሲወጡ በሚገኘው ደጋ ሚካኤል በሚባል ቀበሌ ወፍጮ ቤት አለኝ፤ ከወፍጮው ሌላ ደግሞ የወረዳው ምክር ቤት አባል ነኝ። የአባልነት ሥራዬ እጅ ማንሳት ነው። እርስዎ ከፊት ወንበር ዞር ብለው ሲያዩን እናነሳለን፤ ወደ ወረቀትዎ ሲመለሱ እናወርዳለን። ክንዴ ከረጢት ሲያነሳ የኖረ ስለሆነ አልደከመኝም፤ ለሁለተኛ ጊዜ በእጩነት ያቀረባችሁኝም ይህን ጥንካሬዬን አይታችሁ እንደሆነ እገምታለሁ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ስለ ዲሞክራሲ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ወደ ወፍጮ ቤቴ መጥተው ሞተሩን እንዳጠፋ አዘዙኝ፤ አጠፋሁት። ከዚያ በኔ ቀበሌ የሚወዳደረኝ ሰው አለመቅረቡን፣ ይህም ለገጽታችን እንደማይበጅ አስረድተው «አንድ ተወዳዳሪ ፈልግልን» አሉኝ። ተወዳዳሪ በራሱ ፈቃድ ይመጣል እንጂ እንደ ጠፋ በግ ይፈለጋል ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «የማያሳፍር፣ ግን የማያሸንፍ ሰው ፈልግ» ብለው መከሩኝ። እንዲህ ያለ ጥልቅ የፖለቲካ ትምህርት ያለ ምንም ሥልጠና ቆሜ ስለተማርሁ ባለውለታዎ ነኝ።

ትእዛዝ ነውና ፍለጋ ወጣሁ። በመጀመሪያ ወደ አያ ፍቅረ ማርያም ሄድሁ፤ በቀበሌያችን ሽማግሌ ሲባል መጀመሪያ የሚጠሩት እርሳቸው ናቸው። ዱላቸውን ተደግፈው አዳመጡኝና «ለመሸነፍ ከሆነማ ምነው ልልፋ? ቤቴ ተቀምጬስ መቼ አሸንፌ አውቃለሁ?» ብለው አሰናበቱኝ። የትምህርት ቤቱን መምህር ብጠይቀው ደመወዙን እንደሚወድ ነገረኝ። ተስፋ ቆርጬ ወፍጮዬ ጋ ተቀምጬ ሳለ ወይዘሮ ይርገዱ ገብሷን ልታስፈጭ መጣች። ይርገዱ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ለብቻዋ ያሳደገች፣ የቀበሌው የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ የሆነች ጎረቤቴ ናት። ውሃው ከተቋረጠ የሰነበተ ስለሆነ ኮሚቴው ሥራ አልነበረውም፤ እሷ ግን ነበራት፤ ወረዳ ድረስ እየወረደች መጠየቅ ነበር ሥራዋ።

ነገሩን ሳነሳላት ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

«ባሸንፍስ?» አለችኝ።

እኔ ሳቅሁ።

«ሳቅህን ጨርስና መልስልኝ፣ አያ ሰውአገኝ። ባሸንፍ ወንበሩን ትለቅልኛለህ?»

«ካሸነፍሽማ ያንቺ ነው፤ ሕጉ ነው» አልኋት።

«ሕጉን መች ጠየቅሁ፤ አንተን ነው የጠየቅሁ።»

«ቃሌ ነው» አልሁ።

ዱቄቷን በአቅማዳ ተሸክማ ወጣች፤ በማግስቱም የድጋፍ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረች። ለእርስዎም ደውዬ አንዲት መበለት እንዳገኘሁ ነገርሁዎ፤ «ሸጋ! ሴት መሆኗ ደግሞ ተጨማሪ ነጥብ ነው» ብለው አመሰገኑኝ። «ሸጋ» የሚለውን የእኛን አነጋገር ከእኛ ተምረው መልሰው ሲነግሩኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

የምርጫ ምልክቷን እንስራ አደረገች። ቅስቀሳዋን የምታደርገው በደረቀው የእጅ ፓምፕ አጠገብ ነበር። ድምፅ ማጉያ አልነበራትም፤ መኪናም አልነበራትም፤ በገበያ ቀን መንገደኛው በዚያ በኩል ስለሚያልፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። ሴቶቹ ከገደሉ ሥር ካለው ምንጭ ቀድተው ሲመለሱ እንስራቸውን አውርደው በዙሪያዋ ያርፋሉ። መጀመሪያ ሴቶቹ፣ ከዚያ ወንዶቹ፣ በመጨረሻም ለኔ ይቀሰቅሱ ዘንድ አበል የተከፈላቸው ሳይቀሩ ወደዚያው ተሰበሰቡ። በወፍጮ ቤቴ ደጅ ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ የሚያወሩት የእሷን ነገር ነበር፤ እኔ መኖሬን ሲያስታውሱ ብቻ ዝም ይላሉ።

ሁለተኛ፣ ስላዘጋጁልን የክርክር መድረክ አመሰግናለሁ። በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ድንኳን ተከሉ፤ እርስዎም ከፊት ተቀመጡ። ለኔ የተላከልኝን ንግግር ከፍ ባለ ድምፅ አነበብሁ። ንግግሩ ስለ ሰሊጥ ምርታማነት የሚያትት ሸጋ ንግግር ነበር፤ ምናልባት ለቆላው ወረዳ የተጻፈው በስሕተት ወደ ደጋ ወጥቶ ይሆናል። በገብስና በድንች የሚኖር ሕዝባችን ግን ጨዋ ነውና ስለ ሰሊጡ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ተራዋ ሲደርስ ይርገዱ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አያ ሰውአገኝ፣ ሰሊጡ ይቆየን። ውሃው መቼ ይመጣል?»

ወረቀቴን አገላበጥሁ፤ ስለ ውሃ የሚል የለበትም። ቀና ስል ሕዝቡ ሁሉ አፌን ያያል። ከነዚያ ፊቶች አንዱንም የማላውቀው አልነበረም፤ የሁሉንም እህል ፈጭቻለሁ።

«አላውቅም» አልሁ።

ክቡር ሆይ፣ በዚያች አንዲት ቃል ያን ያህል ጭብጨባ ይቀበለኛል ብዬ አልጠበቅሁም። እርስዎ ብቻ አላጨበጨቡም፤ ስልክዎ ላይ ስለነበሩ ይሆናል። በማግስቱ ደውለው «ሰውዬ፣ ተወዳዳሪ አምጣ አልንህ እንጂ አሸናፊ አምጣ መች አልንህ?» ያሉኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከእርስዎ የሰማሁት ግልጽ ንግግር እሱ ብቻ በመሆኑ በክብር አስቀምጬዋለሁ።

ቀጥሎ ቢሮ ጠርተው፣ ይርገዱ የቀበሌያችን ነዋሪ አይደለችም፣ የምትኖረው አዲ አርቃይ ከወንድሟ ቤት ነው የሚል ምስክርነት እንድፈርም ጋበዙኝ። ቤቷ ከወፍጮዬ በር ፊት ለፊት እንደሚታይ፣ የቤቷን ጭስ በየቀኑ እንደማይ ገለጽሁ። «ያየኸውን መች ጠየቅንህ፤ እንድትፈርም ነው የጠየቅንህ» አሉኝ። አልፈርምም አልሁ። እስክሪብቶውን መልሰው ኪስዎ ከተቱት። ለካስ የኔ ፊርማ አስፈላጊ አልነበረም። ሌላ ሰው፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልተነገረን ሰው ፈረመ፤ ምርጫው ሲቃረብም ስሟ ከእጩነት ተሰረዘ።

ምርጫው በሰላም ተጠናቀቀ። ከማን ጋር እንደተወዳደርሁ ባይታወቅም አሸነፍሁ። ለማን ድምፅ እንደሰጠሁ የምርጫ ምስጢር በመሆኑ ለእርስዎም ቢሆን አልነግርም፤ ነገር ግን በእስክሪብቶ እንስራ መሳል ያን ያህል ከባድ አለመሆኑን ልመሰክር እችላለሁ። እርስዎ ከረባት አስረው መጥተው በሕዝብ ፊት አቅፈው ሳሙኝ። ጨብጡት የተባሉት የቀበሌዬ ሰዎች ተሰልፈው ጨበጡኝ፤ እጃቸው ሁሉ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር።

ይርገዱ ለአቤቱታ ሰሚው ኮሚቴ አመለከተች። እኔም ሄጄ መሰከርሁላት፤ ቤቷ የት እንዳለ፣ ባሏን የቀበርንበት ቤተ ክርስቲያን የቱ እንደሆነ ተናገርሁ። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ «አቶ ሰውአገኝ፣ ተሸናፊ አቤት ሲል እናውቃለን፤ አሸናፊ ማሸነፉን ሲቃወም ግን አጋጥሞን አያውቅም» አለኝ። ኮሚቴው ለዚህ የሚሆን አንቀጽ ፈልጎ በማጣቱ አቤቱታው ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ተዘጋ።

ሦስተኛ... ሦስተኛውን ምስጋና በምን ስም እንደምጠራው አላውቅም። ብቸኝነት እንዳልለው፣ እኔ ብቻ ነኝ የምጠራው በዚህ ስም፤ በናንተ ቋንቋ «የአቋም መዋዠቅ የታየበት አባል» ይባላል፤ በግምገማው ላይ የተሰጠኝ ስም ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ በምክር ቤቱ አዳራሽ ግራና ቀኜ ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው። በሻይ ዕረፍት ወደ ጠረጴዛው ስጠጋ የነበሩት ሁሉ ስኳር እንዳነሳቸው አስታውሰው ይነሣሉ። ወደ ቀበሌያችን የሚያልፈው መኪናም ሁልጊዜ ሞልቷል ይባላል፤ አጠገቤ ሲያልፍ የኋላው ወንበር ባዶ እንደሆነ ባይም፣ ምናልባት የማይታዩ ሰዎች ተቀምጠውበት ይሆናል።

ይህን እንኳ እችለው ነበር። አገሬ መልሳ ትቀበለኛለች ብዬ ነበር። የቀበሌዬ ሰው ግን ነገሩን በሌላ መንገድ ቋጨው፦ «እራሱ አባብሎ አቀረባት፤ እራሱ አስበላት» አለ። በኮሚቴው ፊት መመስከሬን የሰሙም ነበሩ፤ ይህንንም ከእናንተ ጋር የተማከርሁት ድራማ ነው አሉት። እንዴት ልከሳቸው? ተወዳዳሪ መፈለግ ይቻላል ብለን ያስተማርናቸው እኛ ነን፤ ምስክርም ይፈለጋል ብለው ቢያስቡ ምን ይገርማል?

ሴቶቹ እህላቸውን ከተራራው ማዶ ወዳለው ወፍጮ መውሰድ ጀመሩ። ሄዶ መምጫው ከባድ ዳገት ነው፤ ሸክማቸውን ይዘው በደጄ ሲያልፉ አያለሁ። ሰላምታ አይነፍጉኝም፤ ግን «እንደምን አደራችሁ» ሳልል ገና «እግዜር ይመስገን» ብለው ያልፋሉ። የወፍጮ ቤት ዝምታ ከሌላ ዝምታ እንደሚለይ ክቡርነትዎ አያውቁ ይሆናል። ዝምታው ሲከብደኝ ሞተሩን አስነሳለሁ፤ ወፍጮ ግን ባዶውን ከተሽከረከረ ድንጋዩ እርስ በርሱ ይበላላል፤ ስለዚህ አንዳንድ ቀን ከገዛ ጎተራዬ ገብስ አውጥቼ እፈጫለሁ። የሚበላው ሰው ስለሌለ ዱቄቱ ተከምሯል።

በሚካኤል የጽዋ ማኅበራችን ተራዬ ደርሶ ነበር። ባለቤቴ ታየች ጠላውን ጠምቃ፣ ዳቦውን ጋግራ፣ ቤቱን ቄጤማ ጎዝጉዛ ጠበቀች። ከሰዓት በኋላ ቄሱ መጡ። ጸሎት አደረሱ፤ ዳቦውን ባረኩ፤ አንድ ዋንጫ ጠጡ። ሌላ ሰው አልመጣም። ቄሱ በር በሩን እያዩ ቆዩና «ዝናብ ይዟቸው ይሆናል» አሉ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ታየች ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች እስኪሄዱ ድረስ ቆማ ነበር፤ ከሄዱም በኋላ አላስቀመጠችውም።

በዚያው ሳምንት ልብሷን ቋጠረችና ጎንደር ሆስፒታል የምትሠራው ልጃችን ሄለን ዘንድ ጥቂት ልሰንብት አለችኝ።

«ምነው፣ ትተሽኝ ትሄጃለሽ?» ብላት፣

«አንተ ወንበር አለህ፤ እኔ የነበረኝ ጎረቤት ነው» አለችኝ።

አውቶቡስ መቆሚያው ድረስ ሸኘኋት። እስካሁን በስልክ እንነጋገራለን፤ ስለ ሄለን ልጆች፣ ስለ ከተማው ውድነት ትነግረኛለች፤ መቼ ትመጫለሽ ብዬ ስጠይቃት መስመሩ ይበላሻል። ዘመድ ያልነበራት እናቴ እኔን ስትወልድ ሰው አገኘሁ ብላ ነው ስሜን ያወጣችልኝ። ነፍሷን ይማርና፣ ይህን ጊዜ ባለማየቷ ብዙ ጊዜ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ታየች ከሄደች በኋላ ወደ ይርገዱ ቤት ሄድሁ። ቤት ግባ አላለችኝም፤ በርጩማ ግን አወጣችልኝ። መስክሬልሽ ነበር አልኋት። «አውቃለሁ፤ ነበርሁኮ» አለችኝ። ታዲያ ምነው ለሰው አትነግሪልኝም አልሁ። ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላዋዋን አስቀምጣ አየችኝ።

«ቃልህን ሰጥተኸኝ ነበር። መሰከርህ፤ ሸጋ አደረግህ። አሁን ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ማነው?»

እዚያም ተቀምጬ የነበረው በእሷው በርጩማ ላይ ነው። ተነሣሁ።

ስለዚህ ከምክር ቤት አባልነቴ ለመልቀቅ አመለከትሁ፤ ማሟያ ምርጫ ተደርጎ ይርገዱ እንድትወዳደርም ጠየቅሁ። እዚህ ላይ አራተኛውን ምስጋናዬን፣ ከሁሉ የበለጠውን፣ አቀርባለሁ። ጉዳዩን በጉባኤ አቀረባችሁት። እርስዎ ተነሥተው ስለ ታታሪነቴ፣ ስለ ሕዝብ ወዳድነቴ፣ ወረዳው እኔን ማጣት እንደማይችል ሲናገሩ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በሕይወቴ እንዲህ የተመሰገንሁት መልቀቅ ስፈልግ ብቻ ነው። ከዚያ አፈ ጉባኤው ማመልከቻው ውድቅ እንዲሆን የሚደግፉ እጃቸውን እንዲያነሱ ጠየቁ። አዳራሹ ሁሉ አነሳ። «ተቃውሞ?» ሲሉ እጄን አነሳሁ። ያ ከረጢት የለመደ ክንዴ ያን ቀን ከበደኝ፤ ብቻውን ስለነበር ይሆናል። አፈ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ» ብለው ጀምረው አቆሙ፤ ወደ እርስዎ አዩ፤ ከዚያ «በአብላጫ ድምፅ» አሉ። በምክር ቤታችን ይህ ቃል ሲነገር እኔ ስሰማ የመጀመሪያው ነበር።

እንግዲህ አልለቀቅም ተባልሁ፤ ሆኖም በዚያ ወንበር አልቀመጥም። ከዚያ ወዲህ ያሉትን ጉባኤዎች ከኋላ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነው የምካፈለው። ዘበኛው አዝኖልኝ ወንበር አመጣልኝ፤ አመሰገንሁት፤ አልተቀመጥሁም። አፈ ጉባኤው «አቶ ሰውአገኝ፣ ይቀመጡ እንጂ» ሲሉኝ ወንበሩ የወይዘሮ ይርገዱ መሆኑን እገልጻለሁ፤ ይህም በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ እጠይቃለሁ፤ አይያዝም። ሪፖርቱ ረጅም በሆነ ቀን አንዱን እግሬን አሳርፌ በሌላው እቆማለሁ። ስለ ውሃውም በየጉባኤው እጠይቃለሁ፤ በመልካም ሂደት ላይ እንዳለ ይነገረኛል።

ቆሜ የመካፈሌ ወሬ ቀበሌያችን ደርሶ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ይርገዱን መንገድ ላይ አገኘኋት። ቆመች።

«እግርህን አያምህም?» አለችኝ።

«ያመኛል» አልሁ።

«ይሁን» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ወፍጮዬ አሁንም ዝም እንዳለ ነው፤ ታየችም አልተመለሰችም። እኔ ግን «ይሁን» የምትለዋን ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁ፤ ከብዙ ወራት ወዲህ አንድ ሰው ቆሞ አነጋግሮኛልና።

የውድድርን ጣዕም ያለ ተወዳዳሪ፣ የድልን ደስታ ያለ ደስተኛ፣ የሕዝብ ተወካይነትን ክብር ያለ ሕዝብ እንዳጣጥም ስላደረጉኝ፣ ዘመንዎ እንዲረዝም፣ ሳልዎ እንዲሽር፣ ስብሰባዎም አንድ ቀን እንዲያልቅ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ቆሞ የጻፈው ታዛዥዎ፣
ሰውአገኝ ፋንታሁን
የደጋ ሚካኤል ቀበሌ ተመራጭ

ግልባጭ፦ ለሚመለከተው ሁሉ፤ ካለ።

ማስታወሻ፦ ክቡርነትዎ ስልክ ሲደውሉልኝ ሁልጊዜ «ብቻህን ነህ?» ብለው ነበር የሚጀምሩት፤ እኔም ከሰው ራቅ ብዬ «አዎ» እስክል ይጠብቁ ነበር። ከእንግዲህ ይህን በመጠየቅ ውድ ጊዜዎን አያባክኑ። ብቻዬን ነኝ። የፈለጉትን ጮክ ብለው ይናገሩ፤ እኔም ጮክ ብዬ እመልስልዎታለሁ።